የቧንቧውን ስፋት ተማሪው ራሱ ይቀይረው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ለብዙ ዓመታት አንብቤአለሁ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሃይድሮሊክስ፣ ማለትም የውሃ ፍሰት ምህንድስና፣ አስተምራለሁ። ማስተማር ከጀመርኩ 16 ዓመት ሞላኝ። ሰሞኑን በየስብሰባው ስለ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ይነሳል። ስንት መጽሐፍ እንደተጫነ፣ ስንት ኮምፒውተር እንደተገዛ ይነገራል። ተማሪው ከዚያ ምን እንዳገኘ ሲነገር ግን አልሰማሁም። ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ከራሴ ተማሪነት ልጀምር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። የፈሳሽ መካኒክስ መጽሐፍ ላይብረሪያችን ውስጥ አራት ኮፒ ብቻ ነበር። እኛ ከመቶ በላይ ነን። መጽሐፉ ሪሰርቭ ክፍል ነው የሚቀመጠው። መታወቂያህን አስይዘህ ሁለት ሰዓት ታነባለህ፣ ከዚያ ትመልሳለህ። በጠዋት ያልተሰለፈ አያገኝም። አንድ ቀን ተራዬ ደርሶ ስከፍተው ስለ ቧንቧ መረብ የሚያስተምረው ምዕራፍ የለም። በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል። ሌላ ኮፒ እንዲሰጡኝ ለመንኩ። እሱም ተቆርጧል። ፈተናው ሦስት ቀን ነበር የቀረው።

ያንን ምዕራፍ የተማርኩት ከአንድ ሲኒየር ደብተር ነው። ደብተሩ ላይ የሃርዲ ክሮስ ዘዴ በሰንጠረዥ ተጽፏል። ሃርዲ ክሮስ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። ዘዴውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። በመረቡ ውስጥ ያለውን የውሃ ፍሰት በግምት ትጀምራለህ። ስህተቱን ታሰላለህ፣ ታርማለህ፣ እንደገና ታሰላለህ። አንዱ ጥያቄ በካልኩሌተር አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። ሰንጠረዡን ሸመደድኩት። ፈተናውን አለፍኩ። ውሃው ለምን ያኛውን ቧንቧ ትቶ በዚህኛው እንደሚሄድ ግን አላወቅሁም ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የገባኝ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው።

መምህር ስሆን እኔም ያንኑ ሰንጠረዥ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ተማሪዎቼም እንደ እኔ ሸመደዱት። ይህ ለብዙ ዓመታት ቀጠለ።

ከዚያ በ2011 ዓ.ም አንድ ነገር ሞከርኩ። ኢፓኔት የሚባል ፕሮግራም አለ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ነው። በነፃ ይገኛል። መጠኑ ጥቂት ሜጋ ባይት ብቻ ነው፣ ያረጀ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። የአንድ ከተማ የውሃ መስመር ስክሪኑ ላይ ትስላለህ። ማጠራቀሚያው የት ኮረብታ ላይ እንዳለ፣ ቧንቧው ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ እያንዳንዱ ሰፈር በየሰዓቱ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠቀም ታስገባለህ። ከዚያ ታስኬደዋለህ። ሃያ አራቱ ሰዓት በደቂቃ ውስጥ ዓይንህ ሥር ያልፋል። ግፊቱ ሲጨምርና ሲቀንስ የየሰፈሩ ቀለም ይለዋወጣል።

ለክፍሉ የሰጠሁት ምሳሌ ተዳፋት ላይ የተሠራች ትንሽ ከተማ ነበረች። አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ሁልጊዜ ከኋላ ትቀመጣለች፣ ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም። ቀለሙን ዝም ብላ ስታይ ቆየች። የላይኛው ሰፈር ጠዋት ቀለሙ ይቀየራል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ሌሊት ላይ ደግሞ ይመለሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማ አስኬደችው። ከዚያ ጮክ ብላ፣ «ቲቸር፣ የእኛ ሰፈር ውሃ ሌሊት ብቻ የሚመጣው ለዚህ ነው እንዴ?» አለች። እናቷ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ በርሜል እንደምትሞላ ነገረችን። ሰፈሩ ሁሉ ውሃው ሆን ተብሎ የሚዘጋ ነው የሚመስለው አለች።

ውሃ በፈረቃ የሚታደልበት ቦታ አለ፣ አውቃለሁ። እሷ ያየችው ግን ሌላ ምክንያት ነው። ጠዋት ሰው ሁሉ ቧንቧ ይከፍታል። በዋናው መስመር የሚያልፈው ውሃ ይበዛል። ውሃው በበዛ ቁጥር በጉዞ ላይ የሚጠፋው ግፊት፣ እኛ ሄድ ሎስ የምንለው፣ ከውሃው መጠን በላይ ያድጋል። ፍሰቱ በእጥፍ ሲጨምር ብክነቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ከታች ላለው ሰፈር የሚተርፍ ግፊት አለ። ከላይ ላለው አይተርፍም። ሌሊት ሰው ሲተኛ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል።

ይህንን ቀመር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! አንድም ተማሪ እናቱን አስቦ አያውቅም ነበር።

ቀጥሎ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ወደ ላይኛው ሰፈር የሚሄደውን የ100 ሚሊ ሜትር ቧንቧ 150 አደረገችው። ስፋቱ የጨመረው በግማሽ ብቻ ነው። ብክነቱ ግን ወደ አንድ ሰባተኛ ወረደ። ማመን አቃታት። 125 አደረገችው፣ 200 አደረገችው። ከዚያ የቧንቧ ዋጋ ከየት እንደሚገኝ ጠየቀችኝ። ይህ የመሐንዲስ ጥያቄ ነው። ማንም አላስተማራትም። ቁጥሩን በእጇ ስትቀይር ራሱ መጣ።

እንግዲህ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ሲባል ምን እንደሆነ የምናየው ከዚህ ተነስተን መሆን አለበት እላለሁ። እኔ በቅርብ የማውቀው፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ግቢ ውስጥ ያለው እንዲህ ነው። አንድ አዳራሽ አለ። አርባ ያህል ኮምፒውተር ተደርድሯል። ስክሪኑ ላይ የሊንክ ዝርዝር ይመጣል። ኔትወርክ ሲጠፋ ሊንኩ ሁሉ ይሞታል። ኔትወርክ ሲኖርም የሚከፈተው ስካን የተደረገ መጽሐፍ ነው። ገጹ ተጣሟል፣ አንዳንዱ ተገልብጧል፣ ቃል ፈልገህ አታገኝም። እኔ በወጣትነቴ በምላጭ የተቆረጠ መጽሐፍ አገኘሁ። የዛሬው ተማሪ ሙሉ መጽሐፍ አገኘ፣ ግን የሚያነበው ያው ሰንጠረዥ ነው። ሊነካው አይችልም።

በዚህ ላይ ተማሪው ወደ አዳራሹ አይሄድም። እሱ ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ሃንድአውቱ፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች፣ መጻሕፍቱ ሁሉ በቴሌግራም ይዞራሉ። አልፈርድበትም። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚዞሩ መሆናቸው ግን ያሳስበኛል። ምክንያቱም በፈቃድ የተለቀቀ፣ ማንም ኮፒ ቢያደርገው የማይጠየቅበት ጥሩ ትምህርት ሞልቷል። ኤም አይ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የትምህርቶቹን ሰነድ ለዓለም በነፃ እንደሚለቅ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ኢንተርኔት ለሚያስቸግራቸው የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ትምህርቶቹን በሃርድ ዲስክ ገልብጦ ልኳል። ሕንዶች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ኤንፒቴል በሚባለው ፕሮግራም የአይ አይ ቲ (የቴክኖሎጂ ተቋሞቻቸው) መምህራንን ሙሉ ኮርስ እየቀረጹ ያወጣሉ። ተማሪዎቼ የሕንዶቹን ይወዳሉ። መምህሩ እንደ እኛው ሰሌዳ ላይ እየጻፈ፣ ቀስ ብሎ፣ ስሌቱን ሳይዘል ስለሚሄድ ይመስለኛል።

አሁን ችግሩ ዋጋው ነው። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ የተማሪውን ዳታ ይጨርሰዋል። የአንድ ኮርስ ትምህርት ደግሞ አርባ ሰዓት ይሆናል። ከቤት የሚላክለት ብር ለሳሙናና ለኮፒ አልበቃ ያለው ልጅ ይህንን ከየት ያመጣል?

መፍትሔው ውድ አይደለም። ይህንን የምለው ሠርቼ ስላየሁት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ የላብ ቴክኒሺያን ጋር ሆነን ሊወገድ የነበረ ዴስክቶፕ አስፈቅደን ወሰድን። አንድ ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክ ከኪሳችን ገዛን። አንድ ራውተር ተዋስን። ኢንተርኔት የለውም፣ ዋይፋይ ብቻ ነው። ያለ ኢንተርኔት በሚያስነብበው ኪዊክስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን ጫንበት። በፈቃድ የተለቀቁ የሃይድሮሊክስ ኮርሶችን ከነቪዲዮአቸው ጫንበት። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጃቸውን ፌት የሚባሉ ሲሙሌሽኖች፣ ማለትም ሙከራን ስክሪን ላይ የሚያስመስሉ ፕሮግራሞች፣ ጨመርን። ፌትን እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ካርል ዋይማን ነው። እነዚህ ስልክ ላይ ይሠራሉ። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ በስልኩ ገንዳውን ይሞላል፣ ፈሳሹን ከውሃ ወደ ማር ይቀይራል፣ ግፊቱን ይለካል። ተማሪው ዳታውን ከፍቶ አይደለም። ወደ ክፍላችን ኮሪደር መጥቶ ከዋይፋዩ ጋር ይገናኛል፣ ያ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት አሥር ተማሪ እንኳ አልመጣም። በፈተና ሰሞን ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ቆዩ። ዘበኛው፣ ደግ ሰው ናቸው፣ በሩን ሳይዘጉ ይጠብቁልን ነበር። ሲግናሉ ዶርም ቢደርስ ኖሮ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ዶርም ለማድረስ የሚያስፈልገው ጥቂት መቶ ሜትር ኬብልና አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ጽፈናል። መልሱን እየጠበቅን ነው።

በዚያ ዲስክ ላይ በጣም የምወደው ነገር ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የኤም አይ ቲው አሸር ሻፒሮ እየመሩ የተሠሩ የፈሳሽ መካኒክስ ፊልሞች አሉ። ብዙዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ውሃ ውስጥ ቀለም ይለቅቃሉ። ቀለሙ መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ፍጥነቱ ሲጨምር ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይበታተናል። ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 ማንቸስተር ያሳየው ሙከራ ይህ ነው። የሬይኖልድስ ቁጥር፣ ፍሰቱ ቀጥ ያለ ወይም የተበታተነ መሆኑን የሚለየው ቁጥር፣ ከ2000 ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ለፈተና የሚያጠኑት ሁሉ ይህንን ያዩት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ግድግዳ ላይ አንሶላ ዘርግተን ነው ያሳየኋቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ሰርቨሩን ከገዙ በኋላ ሥራው አለቀ ብለው ለሚያስቡ ኃላፊዎችም አንድ ነገር ልንገር። ከ2020 በፊት ብዙ የምህንድስና አኒሜሽን ሰብስቤ ነበር። አብዛኛው ፍላሽ በሚባለው ሶፍትዌር የተሠራ ነው፣ ኪሳችን ውስጥ የምንይዘውን ፍላሽ ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አዶቤ ፍላሽን አቆመው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሰበሰብኩት ሁሉ አልከፈት አለ። የስድስት ዓመት ልፋቴ ነበር። ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት እንደ አትክልት ነው፣ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ይፈልጋል። ለዚህ የሚመደብ የላይብረሪ ባለሙያ መኖር አለበት። የትኛው ፋይል እንደሞተ የሚፈትሽ፣ አዲሱን የሚጭን፣ ተማሪ «ይህን አጣሁ» ሲለው የሚፈልግለት። የላይብረሪ ሳይንስ ተመራቂዎች አሉን። መታወቂያ ተቀብለው መጽሐፍ እንዲሰጡ ብቻ ማስቀመጥ ዕውቀታቸውን ማባከን ነው።

ከውጭ ካገኘነው ይልቅ የጎደለን ደግሞ የራሳችን ነው። ከድሬዳዋ የመጣ ተማሪ ነበረኝ። በ1998 ዓ.ም ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል እሱ ሕፃን ነበር። ቤተሰቡ ያንን ሌሊት እየነገረው አደገ። ለመመረቂያ ሥራው ደቻቱን ሄክ ራስ በሚባለው ፕሮግራም መሥራት ፈለገ። ይህም የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ያዘጋጁት ነው፣ በነፃ ይገኛል። ወንዝ ሲሞላ ውሃው እስከየት እንደሚደርስ ያሳያል። ፕሮግራሙ አለ። ትምህርቱ አለ። የወንዙ መረጃ ግን የለም። ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ደብዳቤ ሲያመላልስ ሁለት ወር አለፈው። በመጨረሻ በእረፍቱ አገሩ ሄዶ ከጓደኞቹ ጋር በሌቭልና በስታፍ፣ በከፍታ መለኪያ መሣሪያና ዘንግ፣ አሸዋው ላይ እየተንከራተተ ራሱ ለካ። ያመጣው የተወሰነ ቦታ ልኬት ብቻ ነው። ጥሩ ሥራ ሠራ። ከእሱ በፊት ደቻቱን የለካ ተማሪ ቢኖርና ልኬቱ በአንድ ሰርቨር ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ግን ከዚያ ይቀጥል ነበር።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተመራቂዎቹን የጥናት ጽሑፎች ኢንተርኔት ላይ በነፃ ያስቀምጣል። ትልቅ ነገር ነው፣ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ወደዚያ እልካቸዋለሁ። ትምህርት ሚኒስቴርም ብሔራዊ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አለው። እነዚህ ላይ የምጨምረው አንድ ልመና ብቻ ነው። ከጽሑፉ ጋር ፋይሉም ይቀመጥ። የኢፓኔቱ ፋይል፣ የሄክ ራሱ ፋይል፣ የልኬቱ ሰንጠረዥ። የታተመ ግራፍ አንብቤ ልደነቅ እችላለሁ። ፋይሉ ካለኝ ግን ከፍቼ፣ ቁጥሩን ቀይሬ፣ ተመራማሪው ያልጠየቀውን ልጠይቅ እችላለሁ። ተማሪዬም እንደዚያው።

ስለ ቋንቋም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ተማሪዎች ቪዲዮውን ሲያዩ ቃሉን ለመያዝ ሲታገሉ ሐሳቡ ያልፋቸዋል። አንድ ቀን ስለ ሄድ ሎስ በአማርኛ ስምንት ደቂቃ በስልኬ ቀድቼ ለክፍሉ ላክሁ። እናት በርሜል የምትሞላበትን ታሪክ ነው የተናገርኩት። በነጋታው አንድ የጅማ ልጅ ያንኑ በአፋን ኦሮሞ ቀድቶ ለጓደኞቹ ላከ። ቆይቶ ሌላዋ በትግርኛ አደረገችው። ማንም አላዘዛቸውም። አሁን ሦስቱም ዲስኩ ላይ አሉ። እኔ ከጻፍኳቸው ሃንድአውቶች ሁሉ የበለጠ የተከፈቱት እነዚህ ናቸው።

እንዲህ ያለውን ለመሥራት ጊዜ ያስፈልጋል። አንድ ጥሩ የሲሙሌሽን መልመጃ ለማዘጋጀት ሁለት ሦስት ሳምንት ማምሸት አለብኝ። ለደረጃ ዕድገት ስጠየቅ ግን የሚቆጠርልኝ ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው። ጽሑፍም እጽፋለሁ፣ አልጠላሁትም። ሦስት መቶ ተማሪ የሚማርበት መልመጃ ግን ዋጋ የለውም ማለት ያሳዝነኛል። ወጣት መምህራን ይህንን አይተው ነው የማይሞክሩት።

አንድ ስጋት አለኝ፣ እሱንም ልናገር። ሲሙሌሽን ካለ ላብ አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች እየሰማሁ ነው። እባካችሁ ይህንን አታድርጉት። ኢፓኔት ውስጥ ያለ ቧንቧ አያንጠባጥብም። ፓምፑ አየር አይስብም፣ ቫልቩ አይዝግም፣ ጌጁ፣ የግፊት መለኪያው፣ አይዋሽም። ላባችን ውስጥ ያለው የውሃ ቦይ ፓምፑ ተቃጥሎ ከቆመ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። በእነዚህ ሦስት ዓመታት በሲሙሌሽን ብቻ ስለተማሩ ተማሪዎቼ ስለ ሃይድሮሊክ ጃምፕ፣ ፈጥኖ የሚሮጥ ውሃ በድንገት ዘግይቶ ከፍ ስለሚልበት ክስተት፣ ከበፊቱ የተሻለ ያስረዳሉ። እግራቸው ሥር ውሃው ሲዘልና ሲያገሳ ግን አልሰሙም። ግድብ ሥር የሚቆም መሐንዲስ ያንን ድምፅ ማወቅ አለበት። ሁለቱም ያስፈልጉናል፣ መጀመሪያ በስክሪኑ፣ ቀጥሎ በእጅ።

በመጨረሻ፣ ይህንን ለሚያነቡ የምህንድስና መምህራን። ዲስካችን ላይ ያለው ሁሉ በፈቃድ የተለቀቀ ወይም እኛ የሠራነው ነው። ኮፒ ማድረግ የሚፈልግ ባለ አንድ ቴራ ባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ ይምጣ። ኮፒው አንድ ሌሊት ገደማ ይፈጃል። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ፣ ለጠየቀ እንዲሰጡ ፈቅጃለሁ። የኤሌክትሪክም የመካኒካልም መምህራን የራሳችሁን ብትጨምሩበት ደስ ይለኛል፣ ያ ጎኑ ባዶ ነው። የዚያች ተማሪ ፋይልም በውስጡ አለ። በሰፈሯ ስም ነው ያስቀመጠችው። የላይኛው መስመር አሁንም 150 ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የሃይድሮሊክስ መምህር
(ስሜ በዝግጅት ክፍሉ ይታወቅ)